ንስሩ የታለ?

«ንስሩ የታለ?»

ሲምባት አስተያየቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋም ገና ጀርባዋ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ይህን ጥያቄ ስታይ አምስተኛዋ ነበር። አንዱ በትሕትና ይጠይቃል፤ ሌላው ይሳደባል፤ ይኼኛው ደግሞ ከሁለት ቃል በላይ መጻፍ እንኳ አላማረውም። ከአምስት ኮከብ አንዷን ወርውሮላት ሄዷል።

«ዓይን የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?» አለች ለራሷ። እየተናደደች መልስ ጻፈች።

«ሦስተኛው በር ድረስ ይሂዱ። ከግንቡ በስተግራ፣ የቆመ ግንድ ላይ ያገኙታል። ቀስ ብለው ይጠጉት። ከሮጡ ይበራል።»

ቦርሳዋን አውርዳ ሻይ ጥዳ ስትመለስ መልሱ መጣ።

«ሄጃለሁ። ግንዱ አለ። ባዶ ነው። ገንዘቤን አስመልሻለሁ።»

ሲምባት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «ሰባቱ በሮች» የተባለው የኮምፒውተር ጌም ደግሞ በአምስት ዓመት ይበልጣታል። ተጫዋቹ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ሆኖ ሰባት የተራራ በሮችን ያቋርጣል፤ በመንገድ የሚያገኘውን ሰው ማመን ወይም አለማመን የራሱ ፈንታ ነው። ጌሙን የሠሩት የእናቷ ወንድም ኤርሳይንና ሦስት ጓደኞቻቸው ናቸው፤ እዚሁ ካራጋንዳ ከተማ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተጨናንቀው። ከዚያ ጓደኞቻቸው ወደየአገሩ ተበተኑ። ናጋሺ፣ ሲምባት የእናቷን ወንድም እንደዚያ ነው የምትጠራቸው፣ ፕሪንተር ጠጋኝ ሆኑ። ስለ ጌሙ አፋቸውን ከፍተው አውርተው አያውቁም።

በእነሱ አገር ባህል የእህት ልጅ ከናጋሺዋ ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አላት። ሦስት ብቻ፤ ናጋሺም እምቢ አይሉም። ሲምባት የመጀመሪያውን ያባከነችው በስድስት ዓመቷ ነው። የቀበሮ ጠጉር ቆባቸውን ጠየቀች፤ እሳቸውም በዚያ ብርድ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሁለተኛውን የጠየቀችው ባለፈው ኅዳር፣ ዘመድ ሁሉ ማዕድ ላይ በተሰበሰበበት ነበር። ሁሉም ስልክ ወይም ቦት ጫማ ትላለች ብሎ ሲጠብቅ «የጌሙን መሸጫ ገጽ ይስጡኝ፤ እኔ ላሳምረው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ናጋሺ አልሳቁም። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ሰጧትና «ያንቺ ነው። እኔ አላየውም» አሏት።

ሦስተኛው አልተነካም። ለምን እንደተቀመጠ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፦ በናጋሺ ጥገና ቤት ጥግ ላይ የቆመው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰኔ ላይ፣ ፈተናዋን ስታልፍ።

ስትረከበው ገጹ አሳዛኝ ነበር። በኢንተርኔት መደብሩ፣ በሺህ ጌሞች መሐል፣ ሁለት መስመር ጽሑፍና ምኑም የማይታይ አንድ ጨለማ ፎቶ። ሲምባት ጽሑፉን ዘጠኝ ጊዜ አፍርሳ ጻፈችው። የክፍሏ ልጅ ማዲ ከጌሙ ውስጥ አዳዲስ ፎቶዎች አነሳላት። ከፊት ያስቀመጠችው ንስሩን ነው፤ ክንፉን በግማሽ ዘርግቶ፣ ከኋላው በረዶ። ከሥሩ ደግሞ «ንስርህ ትከሻህ ላይ ነው፤ መንገዱ ገና ነው» ብላ ጻፈች። በወር አንድ ሰው ይገዛው የነበረውን ጌም በሳምንት አሥር ሰው ይገዛው ጀመር። እሷም ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ገጹን ማየት ልማድ ሆነባት።

ስልኳ እንደገና ጮኸ። አሁን የመጣው የመደብሩ ደብዳቤ ነበር።

«ውድ ሻጭ፦ በገጽዎ ላይ የተገለጸውና ገዢዎች ያገኙት አንድ አይደለም የሚል ብዙ ቅሬታ ደርሶናል። እስከ ማክሰኞ ቀትር ካልተስተካከለ ገጹ ይዘጋል።»

«አለ እኮ! ንስሩ አለ!» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸችበት።

ገጹ ከተዘጋ ጌሙ በናጋሺ ስም የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ያለው የገበያ ሲዲ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከዓመታት በፊት ከባዛሩ የገዛው፣ እሷም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የተጫወተችበት ሲዲ አሁንም መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ሽፋኑ ላይ ንስሩ አለ፤ የማንም ሰው ስም ግን የለም።

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

*

በማግስቱ ዓርብ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ማዲን ከኮሪደሩ ማሞቂያ ጋር ተጣብቆ ሳምሳ የሚሉትን የሥጋ ሳምቡሳ ሲበላ አገኘችው። የማዲን ጀርባ ከማሞቂያው የሚያላቅቀው ደወል ብቻ ነው።

«ማዲ፣ ጌሙ ተበላሽቷል መሰለኝ። ሰዎች ንስሩን አያገኙትም።»

«የምን ንስር?»

«አትቀልድብኝ። አንተ ራስህ ፎቶ ያነሳኸው ንስር ነዋ!»

ማዲ ማኘኩን አቆመ። «ቆይ ቆይ። እሱ እኮ ሞድ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሞድ! ሰው በኋላ የጨመረው። አታውቂም ነበር? እያሾፍሽ ነው፣ አይደል?»

ሲምባት ሞድ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚቀጥሉት ነገር ነው፤ አንዱ አዲስ ፈረስ ይሠራል፣ ሌላው አንድ መንደር ሙሉ ይጨምራል። «ሰባቱ በሮች» ይህን ስለሚፈቅድ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች ሲቀጥሉበት ኖረዋል። ያላወቀችው ነገር አንድ ነው፦ የትኛው የናጋሺ፣ የትኛው የሰው እንደሆነ።

«ሲዲው ላይ ግን አለ» አለች። 

«የገበያው ሲዲ ላይማ ሁሉም ነገር አለ! ነጋዴዎቹ አሪፍ አሪፉን ሞድ ሰብስበው፣ ከጌሙ ጋር አንድ ላይ ጨፍልቀው ነው የሚሸጡት። እዚህ ከተማ ውስጥ ባዶውን የተጫወተ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«በረዶውስ?»

«ሞድ።»

«ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት ሴትዮ? የወፍጮ ቤቷ?»

«እሷ… እሷ እንኳ የናጋሺሽ ሳትሆን አትቀርም። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ሲምባት ግድግዳውን ተደገፈች። ከኅዳር ጀምሮ ለገዢዎች የጻፈችው መልስ ሁሉ ባንዴ ትዝ አላት። ዓይን የላቸውም ያለቻቸው ሰዎች ሁሉ ዓይን ነበራቸው።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «ታውቅ ነበር፣ ግን ፎቶውን አነሳህልኝ።»

«የሰውዬው የእህት ልጅ አንቺ ነሽ! የማታውቂ ይመስለኛል እንዴ?» ማዲ ሳምሳውን አገላበጠው። «ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ጠረጠርኩ። ልነግርሽም አስቤ ነበር። ግን ገዢው ሲበዛ ደስ ብሎሽ እየዘለልሽ… ዝም አልኩ። ደግሞም ንስሩ ያምራል፤ ያለ ንስሩ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

«አመሰግናለሁ። በጣም ረድተኸኛል።»

«ኧረ ተረጋጊ። ቀላል መፍትሔ አለው። ክፍላችን ሠላሳ አንድ ልጅ ነው። ሁሉም አምስት አምስት ኮከብ ይስጡ፣ አሪፍ ነው ብለው ይጻፉ፤ ቅሬታው ይዋጣል። እዚያ መደብር ላይ ሳይገዙም መጻፍ ይቻላል። ልንገራቸው?»

«ያስጠላል።»

«ያስጠላል፣ ግን ይሠራል።»

ደወሉ ተደወለ። ሲምባት ወደ ክፍል ገባች። ሒሳብ ነበር፤ አንድም ነገር አልሰማችም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ጌም ከመደብሩ አውርዳ ጫነች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ናጋሺ የሠሩትን ብቻ ልታይ ነው።

ሰማዩ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ውሃ ግራጫ ነው። ሣሩ አይወዛወዝም። ፈረሱ ሲሄድ ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስላል። መልእክተኛው ከመጀመሪያው መንደር ወጥቶ ወደ መጀመሪያው በር ያመራል፤ መንገዱ ላይ ሽፍታ የለም፣ ነጋዴ የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። ነፋስና የራሱ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ሲምባት ሰዓት ያዘች። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ተጉዛ ያገኘችው አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው።

«ይኼ ነው?» አለችው ስክሪኑን። «ለዚህ ነው እኔ ዘጠኝ ጊዜ የጻፍኩት?»

ሦስተኛው በር ላይ ግንዱን አገኘችው። በእርግጥም ባዶ ነው። ሜዳ ላይ የቆመ፣ ምንም የማይሠራ፣ ማን ለምን እንደተከለው የማይታወቅ ግንድ።

ጌሙን ዘግታ እውነቱን ለመጻፍ ሞከረች። «አሮጌ ጌም ነው። ብዙ መንገድ አለው። ይነፍሳል።» ሳትፈልግ ሳቀችና አጠፋችው። «ትዕግሥት ላላቸው ተጫዋቾች የተዘጋጀ።» የሐኪም ቤት ወረፋ ማስታወቂያ መሰላት፤ አጠፋችው። «በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ሞዶች የተሠሩለት» ብላ ጀመረችና እጇ ቆመ። ሞዶቹን ካነሳች ሰው የሚጠይቀው እነሱን ነው። ካላነሳች ደግሞ የሚቀረው ነፋሱ ነው። እንዲህ ብታዞረው እንቢ፣ እንዲያ ብታዞረው እንቢ። እስከ ምሳ ድረስ ጽፋ ያስቀመጠችው አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

«ሲምባት!» እናቷ ከወጥ ቤት ተጣሩ። «ድንቹን የሚልጠው የመደብሩ ባለቤት ነው?»

«መጣሁ አልኩ እኮ!»

«ያልሽው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ምነው ያንን ገጽ ሳትጠይቂ ቀርተሽ በነበር። ወንድሜ በሰላም የተቀመጠበትን ነገር አስነስተሽ…»

የቀረውን አልሰማችውም፤ የተሰማው ግን በቃት። ድንቹን ስትልጥ ቢላዋው ሁለት ጊዜ አንሸራተታት። ሦስተኛው ድንች ላይ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ለማዲ ላከችለት።

«እሺ። ንገራቸው።»

ማዲ የላከላት አንድ አውራ ጣት ነው። ሲምባት ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

*

እሑድ ረፋድ ላይ አሥራ አራት አዲስ አስተያየቶች ነበሩ። ሁሉም ባለ አምስት ኮከብ።

«ንስሩ ነፍስ ነው!!!»

«በሕይወቴ እንደዚህ ዓይነት ንስር አይቼ አላውቅም።»

«ጌሙን ገና አልከፈትኩትም፣ ግን በጣም አሪፍ ነው።»

«ናጋሺዋ ጎበዝ ናቸው።»

ሲምባት እያነበበች ጆሮዋ ጋለ። ከሁሉም በታች አንድ እውነተኛ ገዢ ጽፏል፦ «እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት የትኛውን ጌም ነው?»

ስልኳ ጠራ። ናጋሺ ነበሩ። እሑድ ጠዋት ደውለው አያውቁም።

«ጥገና ቤቱ ነኝ። የመደብሩ ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኛል። ብቅ በይ።»

ጥገና ቤቱ ከእነሱ ሕንፃ ሦስት ሕንፃ አልፎ፣ ምድር ቤት ነው። ሲምባት በረዶውን እየረገጠች ሄዳ ስትገባ ናጋሺ ሆዱ የተከፈተ ፕሪንተር ፊት ተቀምጠዋል፤ ግን አይሠሩም። ካቻቢቴውን ወደ ጎን ትተው ብሎኖችን ከትልቅ ወደ ትንሽ እየደረደሩ ነው። ሲከፋቸው እንደዚያ ያደርጋሉ። ጥጉ ላይ ትልቁ ኮምፒውተር በሰማያዊ መብራቱ እያንሾካሾከ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የእሷ ገጽ ነው።

«ተቀመጪ። ሻይ አለ፣ ባውርሳክም አለ፤ እናትሽ ትናንት ሊጡን ጠብሳ የላከችልኝ ነው።»

«ናጋሺ፣ ልነግርዎት አስቤ ነበር…»

«'ንስርህ ትከሻህ ላይ ነው፤ መንገዱ ገና ነው'» ብለው አነበቡ። «ጥሩ ነው። ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ንስሩንስ ማን ሠራው?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ያሳፈረኝም እሱ ነው።» አንድ ብሎን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። «እነዚህ አሥራ አራቱስ? 'ናጋሺዋ ጎበዝ ናቸው' ያለው ማነው?»

የማዲ ሐሳብ ነበር ለማለት አፏን ከፈተች። አልወጣላትም።

«የክፍሌ ልጆች ናቸው። እንዲጽፉ ያስደረግኋቸው እኔ ነኝ።»

ናጋሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ እርጋታቸው ነው ያፈነዳት።

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ያንን ነው! እርስዎ አንድ ቀን ስለ ጌሙ አውርተውኝ አያውቁም። ገጹን እንኳ ለማየት እንቢ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ስለፋ 'ያንቺ ነው' ከማለት በቀር ምን አሉኝ? ባዶውን ትናንት ተጫወትኩት። ያስጠላል! ምንም የለም! ስድስት ደቂቃ ተጉዤ ያገኘሁት አንድ ጉድጓድ ነው!»

ከተናገረችው በኋላ ደነገጠች። ናጋሺ ግን ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ስምንት ደቂቃ ነበር» አሉ። «ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ ወደ ስድስት ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

ሲምባት መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

«ስሚኝ» አሉ ናጋሺ። «ያልሽው እውነት ነው፤ ላየው ይገባ ነበር። አላየሁትም፤ ምክንያቱም ሰው የወደደው ባዛር ላይ የሚሸጠውን ነው። ያንን ሲዲ እኔ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም፤ ሽፋኑን ሳይ ይበቃኛል። አሁን ደግሞ የማላውቀው ሰው የሠራውን ንስር በስሜ አቁሜ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ማክሰኞን አልጠብቅም። ነገ ጠዋት ለመደብሩ ጽፌ ራሴ እዘጋዋለሁ። ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ይበቃዋል።»

ያ የሚገርም ግንድ ትዝ አላት።

«ናጋሺ፣ ሦስተኛው በር ላይ ያለው ግንድ ምንድን ነው? ንስር ካልሠራችሁ ለምን ተከላችሁት?»

 ናጋሺ ጎንበስ ብለው ከትልቁ ኮምፒውተር ላይ አንድ አሮጌ ማህደር ከፈቱና ወንበራቸውን ለቀቁላት። «'ሦስተኛ በር' የሚለውን ፋይል ክፈቺው። እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይነበባል። እኛ ምንም ነገር አልቆለፍንም፤ መግባት የፈለገ ሁሉ እንዲገባ ነው የሠራነው።»

ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው፤ የድንጋይ ቦታ፣ የግንብ ከፍታ። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ በቁጥሮቹ መሐል፣ ተራ ጽሑፍ አገኘች።

«ይህን ፋይል ለከፈትህ ሰው፦ እዚህ ግንድ ላይ ንስር ልናስቀምጥ ነበር። ክንፉ አስቸገረን፣ ቀኑም ደረሰብን። ግንዱን ትተንልሃል። ከቻልህ አስቀምጥበት። አደራ፣ ሰው ሮጦ ሲመጣ ይብረር።»

ሲምባት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበችው።

«ናጋሺ» አለች። «ይበራል።»

«ምኑ?»

«ንስሩ። ሮጠው ከሄዱ ይበራል። ቀስ ብለው ካልተጠጉት አይያዝም። ልጅ ሆኜ ስንቴ አምልጦኝ አልቅሻለሁ።»

 የናጋሺ እጅ ወደ ብሎኖቹ ሄደ፤ ግን አንዱንም አላነሳም። የግድግዳው ማሞቂያ ውስጥ ውሃው ሲንኳኳ ይሰማል።

«አንብቦታል ማለት ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «አንድ ሰው አንብቦታል።»

«ስለዚህ አይዝጉት።»

«ሲምባት፣ ይኼ ሌላ ነገር ነው። የሰውዬው ስም ገጹ ላይ የለም። አሥራ አራት ልጅ ያልተጫወተውን አሪፍ ነው ብሏል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት እንደዚህ ሆኜ አልቆምም። ነገሩ አልቋል።»

ሲናገሩ ዓይናቸው ለስላሳ ነበር፤ ቃላቸው ግን አይመለስም። ሲምባት ይህን ታውቃለች፤ እናቷም እንደዚህ ናቸው። የወንድምና የእህት ጠባይ ነው፤ አንዴ አልቋል ካሉ አልቋል።

ትልቁ ኮምፒውተር ከጎኗ ያንሾካሹካል። ክዳኑ ላይ ባለፈው ዓመት በድብቅ የለጠፈችው ትንሽ የቀበሮ ሥዕል አሁንም አለ። ናጋሺ አይተዋት አልላጧትም።

«ሦስተኛውን እጠይቃለሁ» አለች።

ናጋሺ ቀና አሉ።

«ገጹን አይዝጉት። እስከ ማክሰኞ ለእኔ ይተዉልኝ። ከተዘጋ መደብሩ ይዝጋው እንጂ እርስዎ አይዝጉት።»

«አስቢበት እንጂ፣ ልጄ። አንዴ ከወጣ አይመለስም።» ወደ ጥጉ በአገጫቸው አመለከቱ። «ሰኔ እኮ ሩቅ አይደለም። እናትሽ ቦታውን ሁሉ አዘጋጅታለታለች።»

«አውቃለሁ።»

«በኋላ 'ናጋሺ፣ ተናድጄ ነበር' ብትዪኝ አልሰማሽም።»

«ተናድጃለሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው» አለች ሲምባት። «ቢሆንም እጠይቃለሁ።»

 ናጋሺ ሁለተኛ ወንበር ጎትተው ከጎኗ ተቀመጡና የፕሪንተሩን ሆድ መግጠም ጀመሩ።

*

መጀመሪያ ለማዲ ደወለች።

«አሥራ አራቱንም አስጠፋቸው።»

«ምን? አንቺ ልጅ አሞሻል? ለአንዳንዶቹ እኮ ሳምሳ ቃል ገብቻለሁ!»

«ሳምሳውን እኔ እገዛለሁ። አስጠፋቸው። ዛሬ።»

«ፋራ ነሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ማዲ፣ ሌላም ነገር አለ። የትኛው ሞድ የማን እንደሆነ የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ። በረዶውን ማን እንደሠራ፣ መንደሩን ማን እንደሠራ። ቅጽል ስማቸውም ቢሆን ይሁን።»

 «የንስሩን አላውቅም» አለ ማዲ። «ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ፈልጌ ነበር… ታኅሣሥ ላይ።»

«እሺ። የምታውቀውን፣ ንስሩ የሚወርድበትንም ላክ።»

ከዚያ እዚያው ጥገና ቤት፣ በትልቁ ኮምፒውተር ላይ ባዶውን ጌም ከፈተች። መልእክተኛውን ይዛ በግራጫው ሰማይ ሥር ስድስቱን ደቂቃ ተጓዘች፤ አልፎም ሌላ አሥር ደቂቃ። ነፋሱ ትናንት እንደነፈሰው ነው የሚነፍሰው። ሦስተኛው በር ስትደርስ ግንዱ ፊት ቆማ ፎቶ አነሳች። ምንም አያምርም። የንስሩን ፎቶ ከገጹ አናት ላይ አንስታ እሱን አስገባች።

ናጋሺ ከኋላዋ ሻይ ይዘው ቆመዋል። «ከፊት የምታስቀድሚው ይኼን ነው?»

«ይኼን ነው።»

«አይሸጥም።»

«ይሆናል።»

ጽሑፉን ለአሥረኛ ጊዜ ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር ሳታስበው መጣ፦ «በዚህ ጌም ውስጥ ንስር የለም።» ትንሽ አየችውና ቀጠለች። «ሦስተኛው በር ላይ ባዶ ግንድ አለ። ሠሪዎቹ ጊዜ አጥሯቸው ለሚመጣው ሰው የተዉት ነው። ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው መጥቶ ንስሩን አስቀመጠበት፤ ለብቻው፣ በነጻ ይገኛል፤ ከየት እንደሚወርድና እንዴት እንደሚጫን ከታች ጽፈናል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ ስሙን እዚህ እናሰፍራለን።» ከዚያ መንገዱ ረጅም እንደሆነ፣ ፈረሱ ሲራመድ እንደሚያስቅ፣ ሁሉም ፋይል ክፍት እንደሆነ ጻፈች። ነፋሱንም አልተወችውም።

አንብባ ስትጨርስ ደስ አላላትም። የቀድሞውን ያህል አያምርም። «አስቀምጥ» የሚለውን ነካች፤ ገጹም «በምርመራ ላይ፣ እስከ ማክሰኞ» አለ።

ናጋሺ ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ብሎኖቹን በመዳፋቸው ጠርገው አንድ ላይ ጣሳ ውስጥ ጨመሯቸው።

«ያ ሲዲ» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ። «የወንድምሽ። አሁንም ቤት አለ?»

«አለ። ግን ተጫጭሯል፤ አንዳንዴ እንቢ ይላል።»

«እናየዋለን።»

ሲምባት ሲዲውን ልታመጣ ካፖርቷን አነሳች።